ሁለቱን ማሽኖች ላስተማርሽኝ

ለእህቴ ልጅ ለምስራቅ፣

መጀመሪያ ክሴን ስሚ። ቀይ እጀታ ያለውን ካቻቢቴዬን የት እንዳስቀመጥሽው ሳትነግሪኝ ሄድሽ። በሞት ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ የሰው ሬዲዮ በኩሽና ቢላ እየፈታሁ ነው። ለአንድ የተከበረ የቡላኦስ ሰፈር ሬዲዮ ጠጋኝ ይህ ይገባል?

ቤቱ ደህና ነው። እናትሽ አልጋሽን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ነፋስ እንዲያገኘው ነው ትላለች፤ ማን እንደሚተኛበት ግን አልጠየቅኳትም።

«ሆስፒታል ተቀጥረሽ ፎቶ አንሺ ሆነሽ ቀረሽ» እያልኩ ስቀልድብሽ፣ አንድ ቀን ከጠረጴዛዬ ላይ የስፒከር ማግኔት አንስተሽ ወደ ሚስማሮቼ አስጠጋሽው። ዘለው ተለጠፉበት። «ጋሼ፣ ኤምአርአይ ይኸው ነው፤ ሰው የሚያስገባ ትልቅ ማግኔት» አልሽኝ። ራጅ የለውም። በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ በሰውነታችን ያለውን ውሃ ያናግረዋል፤ የሚመለስለትን ምልክት ሥዕል ያደርገዋል። ይዘገያል፣ ይጮኻል፤ አንጎልንና ጅማትን ግን አጥርቶ ያሳያል። ሲቲ ስካን ደግሞ ራጅ ነው፤ በሰውየው ዙሪያ እየዞረ እንደ ባጌት ዳቦ ቆራርጦ ያነሳዋል። በደቂቃዎች ስለሚያልቅ ለተሰበረ አጥንትና ለሚፈስ ደም እሱ ይቀድማል። «እንግዲያው አንዱ የእኔ ሙያ ነው፣ ሌላው የዳቦ ጋጋሪ» ስልሽ ሳቅሽ እስከ መንገድ ተሰማ።

ባለፈው ወር ዘነበች የምትባል፣ ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ራስ ምታት አላስቆም አላስቀምጥ አላት፤ ዓይኗም ደብዘዝ ይልባት ጀመር። ሲቲ ስካን ተነስታ ምንም አልታየም። ሐኪሙ አልረካምና ኤምአርአይ አዘዘ። ላስተረጉም አብሬያት ወደ አንቺ ሆስፒታል ሄድኩ።

ነርሷ በፈረንሳይኛ ብረት ይዛ እንደሆነ ጠየቀች። አስተረጎምኩ። «ኧረ የምን ብረት ጋሼ፣ ልዋጋ ነው እንዴ?» አለች ዘነበች። ነርሷ ጻፈች፤ በሩ ሊከፈት ነው። ያኔ ትዝ አልሽኝ። አንቺ እኮ «ብረት» ብለሽ ጠይቀሽ አታውቂም። የእኛ ሰው ክታቡን ብረት አይለውም ብለሽ ክታቡን፣ የፀጉር ሽቦውን፣ ቀሚስ ጫፍ ላይ የተሰካውን መርፌ አንድ በአንድ ነበር የምትጠይቂው። እኔም እንዲያ ብዬ ጠየቅኳት። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እናቷ ስትሸኛት ያሰረችላት፣ በቆርቆሮ የታሸገ ክታብ ነው። ይዛው ብትገባ ኖሮ ማግኔቱ ወደ ፊቷ ያስፈነጥረው ነበር።

«የበፊቱ የሚዞረው ነው፣ ይሄኛው ብረት ይጎትታል» ብላት፣ «ከፈታሁትማ ሞቻለሁ» ብላ እንቢ አለች። «ስጪኝ፣ እስክትወጪ በእጄ ይዤው እቆማለሁ» አልኳት። ብዙ ካሰበች በኋላ ፈታችው። ቅዳሴ ቆሜ የማላስጨርሰው ሰውዬ፣ ማሽኑ ጩኸቱን እስኪጨርስ ፈቀቅ አላልኩም። ነርሷ አየችኝና «ምስራቅም እንዲሁ ትቆም ነበር» አለችኝ።

አየሽ፣ ይህን አንድም ቀን ቤት አላወራሽልንም። የስንቱን ክታብ ይዘሽ ቆመሻል? እኔ ፎቶ አንሺ እያልኩ እቀልድብሻለሁ!

ዘነበች አንጎሏ ውስጥ ትንሽ እብጠት ተገኘባት። በጊዜ ተደርሶባት ሕክምና ጀምራለች።

አልረሳሽም ማለት ለማንም ይቀላል። እኔ ግን እግሬ እስከቻለ ድረስ የአንቺን ጥያቄዎች እየጠየቅኩ፣ ስምሽን እየጠራሁ

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ። በዚህ የቀትር ሐሩር ማን ይወጣል?

የማላውቃት ሴት ናት፤ የቀጠሮ ወረቀት ይዛለች። «ጋሼ፣ ዘነበች ናት የላከችኝ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «የነገው የትኛው ነው፣ የሚዞረው ወይስ የሚጎትተው?»