የሰው ድምፅ በአባትሽ አፍ

ሐል፣ ሄስል ሮድ
እሑድ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2014

ውድ ልጄ ጂሊያን፣

እንደምን ከርመሻል ሆዴ? ልጆቹስ? የባልሽ ጀርባ ተሻለው? እዚያ ኒውዚላንድ በጋው እየገባ ነው ብለሽኛል፤ እኛ ዘንድ ገና በዐሥር ሰዓት ይጨልማል። ዝናቡም የጀመረው መቼ እንደሆነ ረስቼዋለሁ። ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስልኩ ያለው ሳሎን ነው፣ አባትሽም ያለው ሳሎን ነው፤ ሐኪሞቹ የወሰዱበት ደግሞ ድምፁን እንጂ ጆሮውን አይደለም።

መጀመሪያ የሱን ነገር ልንገርሽ። ከሆስፒታል ከወጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። አንገቱ ላይ ለመተንፈሻ የከፈቱለትን ቀዳዳ ማጽዳት ለምጄዋለሁ፤ የመጀመሪያ ቀን አልችልም ስል ያጽናናኝ እሱ ነው። ሾርባና የተፈጨ ድንች ይበላል። ባለፈው ዓሣና ጥብስ ድንች አማረኝ ብሎ ገዛሁለት። እንኳን ሊበላው ሊያሸተውም አልቻለም፤ ለካ ከእንግዲህ የሚተነፍሰው በአፍንጫው አይደለም። ይህን ማንም አልነገረንም ነበር። ነጭ ሰሌዳ ሰጥተውታል፤ ይጽፍበትና በእጅጌው ያጠፋዋል፣ የሸሚዞቹ እጅጌ ሁሉ ጠቁሯል። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ አፍህን ዝጋ ስለው የኖርኩትን ሰው ዛሬ እባክህ ጻፍ እያልኩ እለምነዋለሁ። ደክሞኛል ልጄ። ለሰው አልልም፤ ላንቺ ግን እላለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። በዚህ ወር በ22ኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ስለ አባትሽ የድሮ ባንድ፣ ስለ «ማንቆርቆሪያዎቹ»፣ በቴሌቪዥን ፕሮግራም ይተላለፋል። «ደግሞ ሌላ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። አራቱ የዓሣ ወደብ ልጆች ዘፍነው፣ ሁለት ፊልም ሠርተው፣ ተጣልተው እስኪበተኑ ስድስት ዓመት አልሞላቸውም፤ ስለነሱ የሚሠራው ፊልም ግን አላልቅ ብሏል። በየዐሥር ዓመቱ ይመጣሉ። ሶፋዬን ይገፋሉ፣ መጋረጃዬን ይዘጋሉ፣ ሻዬን ይጠጣሉ፣ አባትሽን ስለ ዘፋኙ ስለ ክላይቭ ይጠይቁታል። ከዚያ ሁሉ ወሬ አንዲት ዐረፍተ ነገር ያሳዩና ከሥሩ «ከበሮ መቺው» ብለው ይጽፋሉ። ያለፈው ጊዜማ ስሙንም አሳስተውት ነበር።

የአሁኗ ኢሞጀን ትባላለች። የለንደን ልጅ ናት፤ ፊልሞቹ ሲሠሩ እናቷ ራሷ ጡት አልጣለችም ነበር። ግን ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ከሷ በፊት ከመጡት አንዳቸውም ይህን አላደረጉም፤ እና ወደድኳት። የመጣችው በሴፕቴምበር፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት ነው። ያኔ የአባትሽ ድምፅ እንደ ዛገ በር ይጮህ ጀምሮ ነበር።

ያቺን ንግግሩን መቼም አትረሺያትም። በሁለተኛው ፊልም፣ ፒጃማ ለብሶ ለመርከቦች የሚበራውን የመብራት ማማ በር ይከፍትና፣ ማዕበሉ እግሩ ሥር እየተላተመ፣ «ይቅርታ፣ ባሕሩን ያየ ሰው አለ?» የሚላትን። የታክሲ ሹፌሮች ሳይቀሩ ዛሬም መንገድ ላይ ይጮኹበታል። ገና በመጣ ቁጥር ሶፋው ላይ ተጨናንቀን ስናይ፣ አንቺ ትምህርት ቤት ሳትገቢ በቃልሽ ይዘሻት ነበር። በኦገስት፣ ጉሮሮውን ሊያወጡት ነው ብዬ የነገርኩሽ ቀን፣ አልቅሰሽ አልቅሰሽ ሲወጣልሽ «ቢሆንም እማ፣ ድምፁ ፊልሙ ላይ አለ፤ ልጆቼ ይሰሙታል» አልሽኝ። እኔም «አዎ ልጄ» አልኩሽ። ያኔ እውነት መስሎኝ ነበር።

ኢሞጀን አሮጌ የፊልም ቆርቆሮዎች ከሚቀመጡበት ቦታ አንድ ድምፅ የተቀረጸበት ጥቅል አግኝታ ኖሮ፣ አባትሽን ደስ ላሰኘው ብላ በትንሽ መሣሪያ ከፈተችለት። አንድ ሰው «ይቅርታ፣ ባሕሩን ያየ ሰው አለ?» ይላል። ሌላ ሰው «እንደገና፤ ትንሽ እንቅልፍ ጨምርበት» ይለዋል። ያኛው ይደግማል። ደግሞ ይደግማል።

«ይኸው እርስዎ ነዎት ሚስተር ሳወርቢ፣ ከቀረጻው በኋላ ድምፅ ሲያስተካክሉ!» አለች፣ ፊቷ በርቶ።

አባትሽ ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «እኔ አይደለሁም» አለ።

«እንዴት?»

«እኔ አይደለሁማ። ፔንሮዝ የሚባል ተዋናይ ነው። ሞቷል፤ ነፍሱን ይማረው። አሜሪካ ያሉት ፊልም አከፋፋዮች የኔ የሐል አነጋገር አልገባቸውም። ክላይቭ ደህና ትምህርት ቤት ገብቶ ስለነበር የሱን ተዉት፤ የኔን ድምፅ ቀየሩት።»

ካሜራው እየሠራ መሆኑን ረስቼ «በሁለቱም ፊልም?» አልኩት።

«በሁለቱም።»

«ይህን ሁሉ ዓመት አብሬህ ስተኛ አንድ ቀን አትነግረኝም?»

«ስትተኚማ የምትሰሚው የኔን ነው» አለኝ። «ያውም ሲያንኮራፋ።»

ሳቅኩ ልጄ፤ ግን ሆዴ አልሳቀም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ያን የፊልም አፍህን አውጣው» እያልኩ ስቀልድበት የኖርኩ ሴት ነኝ።

እሱም ያወቀው ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ነው። ማንም አስቀድሞ አልነገረውም። እናቱን፣ አያትሽን፣ ከዓሣ ፋብሪካው አስፈቅዶ፣ አዲስ ካፖርት ገዝቶላት፣ በባቡር ለንደን ወስዶ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። ሸራው ላይ አፉን ሲከፍት የሌላ ሰው ድምፅ ወጣ። ወደሷ ዞሮ ለማየት ፈራ። እሷ ግን ክንዱን ጨብጣ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «ዴሪክዬ፣ ምን ያለ ንግግር አስተማሩህ!» አለችው። ከዚያ ወዲያ እዚህ ሰፈር ልጄ እንደ ጌታ ይናገራል ብላ ያልነገረችው ሰው የለም። እንዴት አድርጎ ይንገራት? እሷ ስትሞት ደግሞ አንቺ ደረሽ፤ ጉልበቱ ላይ እየዘለልሽ ያቺን ንግግር «አባ በላት፣ አባ በላት!» ትዪው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ብሎልሽ አያውቅም። እኔ ኩራት ነው እል ነበር፤ አንቺም ታኮርፊ ነበር።

ኢሞጀን እንደ መደንገጥ አለችና «እንግዲያው ዛሬ በራስዎ ድምፅ ሁሉን ይንገሩኝ» አለችው። ነገራት። ቀኑ እስኪመሽ አወራ፤ እኔ እንኳ ያልሰማሁትን። የመብራት ማማው ከእንጨትና ከካርቶን የተሠራ እንደነበር፣ ማዕበሉ ማለት ሁለት ሰዎች ከወንበር ላይ በባልዲ የሚደፉት ውኃ እንደነበር፣ በዚያ በረጠበ ፒጃማ ብርድ መትቶት ሳምንት እንደተኛ። አባቱ ከዓሣ ማጥመድ ሲመለስ የዓሣ ሣጥን ገልብጦ እንዴት ከበሮ እንዳስተማረው። በመሐሉ ይስላል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ ልጅቷ እየፈራች «ያቺን ዐረፍተ ነገር አንዴ ቢሏት?» አለችው።

«ለናንተ ቴሌቪዥን?»

«ለኔ።»

አላት። በሄስል ሮድ አፍ፣ በጎርናና ድምፁ፣ «ባሕሩን» የምትለው ላይ ሲደርስ ሳል አቋርጦት። አልዋሽሽም፣ ፔንሮዝ ይሻላል። ግን ሦስታችንም ሳቅን፤ እሱ እስኪያነባ ድረስ ሳቀ። በሁለተኛው ሳምንት ሆስፒታል ገባ።

ያለፈው ሰኞ ኢሞጀን ፕሮግራሙን ከሕዝብ በፊት እንድናየው ላከችልን። አባትሽ ጸጉሩን አበጠረ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፣ ተቀመጥን። ከክላይቭ ብዙ ወሬ በኋላ የኛ ሶፋ መጣ፣ እሱም ላዩ ላይ ተቀምጧል። አፉን ከፈተ። የሚናገረው ግን እሱ አይደለም። አንድ ጤነኛ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነው፤ የሐልን አነጋገር ከኛ ከሐል ሰዎች አብልጦ የሚናገር፣ የኛን አፍ አጥንቶ የሚኮርጅ የለንደን ልጅ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ። ድሮ ሐል በዛበት ብለው ቀየሩት፤ ዘንድሮ ደግሞ ሐል ጨምረው ቀየሩት። ወደ አባትሽ ዞርኩ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያለቅስ መስሎኝ እጁን ያዝኩት። እየሳቀ ነበር። አሁን ሳቁ ድምፅ የለውም። ሰሌዳውን አንሥቶ «ሁለተኛው ፔንሮዝ» ብሎ ጻፈ። አጠፋውና ደግሞ «ከኔ ይሻላል» ብሎ ጻፈ።

እሱ ይሳቅ፤ የኔ ደም ግን ፈላ። ኮቴን ደርቤ ወጥቼ መንገዱ ጥግ ካለው የሕዝብ ስልክ ደወልኩላት።

«አንቺ ልጅ፣ ጫማሽን አውልቀሽ ቤቴ የገባሽው ለዚህ ነው?»

«ሚስስ ሳወርቢ፣ በእውነት ተሟግቻለሁ። አለቆቼ ድምፁ አይሰማም፣ ተመልካች ይከብደዋል፣ ጣቢያ ይቀይራል አሉ። ከሥሩ ጽሑፍ እናድርግበት አልኳቸው፤ እምቢ አሉኝ።»

«ድምፁን እንዴት እንደቀየሩበት የሚናገርበትንስ?»

«እሱንም» አለችኝ። «እሱንም ተዋናዩ ነው የሚናገረው።»

ከዚያ ስታለቅስ ሰማኋት። ልሰድባት የደወልኩት ሴትዮ፣ ዝናብ እየመታኝ፣ አይዞሽ እያልኩ ሳጽናናት ቆየሁ። እኔ መቼም ሰው ሲያለቅስ አልችልም። ግን ልጅቷ ደህና ልጅ ናት። ሐሙስ ዕለት አንድ ዲስክ በፖስታ መጣልን፤ ያን ቀን የተናገረው ሁሉ ሳይቆረጥ፣ በገዛ ድምፁ። እሱው ነው ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁልሽ።

ልልክልሽ ነው ስለው ተቆጣ። «አትላኪ። ፊልሙን ትውደድ» ብሎ ጻፈ።

«ለምን?» አልኩት።

«የታመመ ሽማግሌ ድምፅ ነው።»

«የታመመ ሽማግሌ ነሃ!» አልኩት። ተኮራረፍን። አንድ ቤት ውስጥ አንደኛው ዝም ሲል ሌላው መናገር አለበት፣ አለዚያ ኩርፊያው አይታወቅም፤ ስለዚህ ብቻዬን ስነጫነጭ ዋልኩ። ሻይ ሳቀርብለት «እሺ፤ ግን ሳሉን ይዝለሉት» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ግን አትዝለዪው እልሻለሁ። ሳሉም የሱ ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ካሜራው ከጠፋ በኋላ ድምፁ ሳይዘጋ ቀርቶ፣ እኔ ዕቃ ሳነሣ ይሰማል፣ እሱም ልጅቷን «የኔዋም እንዳንቺ ናት፤ ከጠየቀች አትለቅም» ሲላት ትሰሚዋለሽ። ስለ አንቺ እንዲህ ደስ ብሎት ሲያወራ ፊትሽ ላይ አድርጎት አያውቅም። እንደዚያ ነን እኛ፣ ምን ይደረግ።

በፊልሙ አትዘኚ። ልጆቹም ይዩት፣ ይሳቁ። ፊቱ የሱ ነው፣ ከበሮውም የሱ ነው፤ ከበሮውን ማንም አልቀየረበትም። ድምፁን ሲጠይቁሽ ግን ይህን አሰሚያቸው።

ሐኪሙ ምን አለ ብለሽ በየስልኩ ትጠይቂኛለሽ። ያለፈው ሳምንት ኮሪደር ላይ ሊያናግረኝ ወንበር ሳበልኝ፤ አውቶቡስ ያመልጠኛል ብዬ ወጣሁ። ምንም የሚያመልጠኝ አውቶቡስ አልነበረም። ከትናንት ወዲያ ዓርብ ተመልሼ ሄጄ ተቀመጥኩለት። ደግ ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ቤት ስገባ አባትሽ «ምን አለ?» ብሎ ጽፎ ጠበቀኝ። «ሾርባውን አወፍሪለት አለኝ» አልኩት። ሐኪሙ ስለ ሾርባ አንድም ነገር አላነሣብኝም። ይመነኝ አይመነኝ እንጃ። ጥያቄውን ሳያጠፋ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ሄዶ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ።

በይ እንግዲህ። እግዚአብሔር ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ባልሽን ከጀርባው ሕመም ያሳርፈው፣ አንቺንም ካለሽበት በጤና ያቆይልኝ። ባሕሩ ሰፊ ነው፤ እናት ግን በጸሎት አይርቃትም።

አባትሽ ሊተኛ ሲሄድ «እንዳትመጣ ጻፊላት። ሩቅ ነው፣ ልጆቹ ትምህርት አላቸው፣ ቲኬትም ከገና በኋላ ይረክሳል» ብሎ ጽፎ ሰሌዳውን አጠገቤ አቁሞልኝ ሄዷል። ይኸው፣ ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌልሻለሁ።

አንቺ ግን ከገና በፊት ነዪ።

እናትሽ
ቤሪል