የኋላው በር

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ ጠኑልሽ? እኛ በጤና አለን፤ ባሕሩም ደስ ይላል።

ባለቤቴ መኪና ተከራየ። አከራይዋ፣ «እርስዎም ይነዳሉ? ልመዝግብዎት?» ብትለኝ፣ አፌን ሳልከፍት ቀደመኝና «እሷ መሪ ይዛ አታውቅም» አላት። ስንት ዓመት ሚኒባስ የነዳሁት እኔ ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

የምቀመጠው ከኋላ ነው፤ ከፊት ፀሐይ ያቃጥልሻል ብሎኝ። የኋላው በር ሕፃናት ከውስጥ እንዳይከፍቱት ስለተቆለፈ፣ እሱ ዞሮ ከውጭ ይከፍትልኛል። ያየን ሁሉ «ታድላ!» ይላል።

ትናንት ነዳጅ ማደያ ላይ ቆልፎብኝ ውሃ ሊገዛ ገባ። ቀጂው መስታወቱን አንኳኩቶ «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ባለቤቴ ሲመለስ «ምን አለሽ?» አለኝ። «መንገድ ጠየቀኝ» አልኩት። ውሸቴ አልሆነልኝም፤ የአገሩ ሰው እንግዳን መንገድ ይጠይቃል? እስከ ማታ አላናገረኝም።

ዛሬ ኪራዩን አራዘመው፤ መመለሻችንም አብሮ ተራዘመ። ስልኬ እሱ ጋ ስለሆነ፣ ይህን የምትልክልኝ የሆቴል ክፍላችንን የምታጸዳው ሴት ናት።

እህቴ፣ ወደ እሱ ስልክ ደውለሽ «እማዬ በጠና ታማለች፣ ቶሎ ድረሱ» ብትይው፣ አልቅሼ ሻንጣዬን አነሳለሁ እንጂ አልደነግጥም።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ክፉ አይንካችሁ።

ታናሽ እህትሽ