በአባባ እጅ ልክ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

የአንደኛ ክፍሎች የሥዕልና ዲዛይን ክፍለ ጊዜ። ክፍሉ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፣ እኔም እንደዚያው። አዲስ ሥራ ሰጠኋቸው። ቤታችሁ ውስጥ አንድ ነገር የሚቸግረው ሰው ፈልጉ፣ ምን እንደሚፈልግ ጠይቁት፣ ከዚያ ሥሩለት። መጠየቅ ይቀድማል ብዬ በጩኸት አስደገምኳቸው። መናገር ማን ብሎኝ!

ቤት ስገባ አባባ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ የግቢውን በር ያያል። ስትሮኩ ቀኝ እጁን ከያዘበት ወዲህ ውሎው ይኸው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ታፔላ የጻፈ እጅ... አሁን ማንኪያ እንኳ አይዝም። ላበላው ስል ፊቱን ያዞርብኛል። ወንድሜን እየጠበቀ ይሆን? እሱ እንደሆነ ከሄደ ዞር ብሎም አያይ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ጠይቀው መጡ። የአንዷ እናት ቁልፍ ይጠፋባታል። አንዱ ደግሞ አያቴ የምትፈልገው ዝምታ ነው አለኝ። ምን ይሠራላት? መላ አጣሁለት።

ከዚያ ዳኛዋ መጣች። ትንሽ ትልቁን ስለምትዳኝ እኛ አስተማሪዎቹ ለዚህች ተማሪዬ ያወጣንላት ስም ነው። አንቺስ ለማን ትሠሪያለሽ አለችኝ። ለአባቴ፣ እጀታው ወፍራም የሆነ ማንኪያ፣ አልኳት።

«ጠየቅሻቸው?»

ኩም አደረገችኝ። አልጠየቅኩም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ማንኪያውን ሰጠሁት። መሬት ጣለው። እንደ ልጅ አኩርፌ ጓዳ ገባሁ... የዳኛዋ ነገር ግን አላስቀምጥ አለኝ። ተመልሼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«አባባ፣ ምንድነው የምትፈልገው?»

ከስንት ትግል በኋላ፣ ምላሱ እየተያዘ፣ «ብሩሽ» አለ። በግራ እጁ ወደ በሩ አሳየኝ። «ቁጥሯ... ተንጋዳለች።»

የቤት ቁጥራችን! በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት ከበረንዳው የሚታየው፣ አሥራ ሰባት። የሱ ቀለም ሲለቅ በላዩ የደገምኩበት እኔ ነኝ። ወንድሜን የሚጠብቅ መስሎኝ... ለካ የኔን ጉድ ሲያይ ነው የከረመው። ሳቅኩ። እሱም በግማሽ ፊቱ ሳቀ። ያን ሁሉ ጊዜ አንዴ እንኳ ብጠይቀው ምን ነበረበት?

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ከልጆቹ ጋር አሮጌ ጋዜጣ ዘፍዝፈን በሙጫ አቦካን። ትንሽ ቋጥሬ ቤት ወሰድኩ። የብሩሹ እንጨት ላይ ጠቅልዬ እርጥቡን አባባ መዳፍ ውስጥ አስቀመጥኩና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፍኩለት። ጨበጥ አድርግ አልኩት። ቀስ ብዬ ሳወጣው የጣቶቹ ቦታ ቁልጭ ብሎ ቀርቷል፣ የተጣመመችው ትንሿ ጣቱ እንኳ ሳትቀር። አሁን መስኮቱ ላይ እየደረቀ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ደግፌ በሩ ድረስ ወሰድኩት። ብሩሹ እጁ ውስጥ ልክክ አለ። ቀለሙን ያዝኩለት። ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ አነሳው። አንዷን አቀናት። ቀጥ ያለች አንድ!

ሰባቷ ስትቀር ደከመው። ልያዝልህ አልኩት፣ እምቢ አለ። «ሳምንት» አለኝ። «ሥራ ይቸኩላል እንዴ?» ድሮ ደንበኞቹን እንዲህ ነበር የሚያናድዳቸው።

ዛሬ ራሱ ጠይቆ በላ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

አባባ... ሻይ ይዤለት ገባሁ። አልነቃም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሄደ። ወንድሜ ብቻ ቀርቷል። ሲወጣ ሲገባ በሩን አይቶ፣ ሰባቷን ላስተካክላት አለኝ። እንዳትነካት ብዬ ጮኽኩበት። ምን አደረገኝ? እሱም እኮ አባቱ ነው።

ሰኞ፣ ህዳር 9

ሥራ ገባሁ። ልጆቹ የሠሩትን የሚያሳዩበት ቀን ነበር። የዝምታው ልጅ ራሱ መላ አግኝቷል፤ የአያቱ በር ላይ የሚሰቀል፣ የተኛች ድመት የተሣለችበት ካርቶን። ሲያዩ በእግር ጣታቸው ነው የሚሄዱት አለ። ብዙ ቀን ያልሳቅኩትን ሳቅኩ።

እኔም የሠራሁትን ማሳየት አለብኝ፤ ብሩሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ዳኛዋ ቀድማ አነሳችው።

«ጠየቅሻቸው?»

«ጠየቅኳቸው።»

መቀባት ፈልጋ ጣቶቿን አንድ በአንድ በአባባ ጣቶች ቦታ ከተተች። ጣቶቿ አልሞሉትም። አዙራ ሞከረች። ትንሿ ጣቷን በተጣመመችው ጣቱ ቦታ ላይ አድርጋ ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ቲቸር፣ ይሄ ሰው አለበት።»

ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ሌላ ብሩሽ ሰጠኋት።