የዐፊፋ አማና

ይድረስ ለእትዬ፣ ማንቡክ

እንዴት ከርመሻል እትዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ? እኛ እዚህ አሶሳ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ዝናቡ ግን መላወሻ አሳጥቶናል። የምነግርሽ ነገር በስልክ የሚወራ ስላልሆነ ነው የጻፍኩልሽ።

ገበያ ላይ አጠገቤ የምትቀመጠው ዐፊፋ ትዝ ትልሻለች? ግንቦት ላይ ኩርሙክ ዘመድ ልጠይቅ ብላ ስትነሳ፣ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር አምጥታ «ይሄ አማና ነው፤ አንተ ጋ ይቀመጥ» አለችኝ። አማርኛው ስለሚያስቸግራት መቼም እኔን ሁሌም አንተ ነው የምትለኝ። አፉ በወፍራም ክር ተሰፍቷል። ምንድን ነው ብላት ሳቅ አለችና ያንኑ አማና ደገመችልኝ።

ነገሩ አላማረኝም። መጀመሪያ የቃሉን ነገር ማጣራት ያዝኩ። እንደ ዐፊፋ ባሉ በርታዎች ዘንድ ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ ሰው እጅ የሚተው ዕቃ ነው፣ እኛ አደራ እንደምንለው፣ አሉኝ። የባምባሲዋ ደራርቱ ደግሞ በኦሮምኛም «አመኑ» ማመን ነው አለች። የእኛ ማመንስ ቢሆን ምን ይለያል? ቅዳሴ ላይ በአማን የሚባለውም፣ አሜን የምንለውም ከዚያው ነው። ይህን ሁሉ ሰብስቤም ልቤ አልረጋ አለ። እንዲያውም ባሰብኝ፤ ሁሉም ሰው የሚያምነውን ቃል ከላይ አድርጋ ከሥር ምን እየደበቀች ነው አልኩ።

አንቺም ስነግርሽ፣ በኩርሙክ በኩል ወርቅ የሚያመላልሰው ብዙ ነው፣ ፍተሻ ቢመጣ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ፣ ከቤትሽ አውጪው አልሽኝ። አልፈርድብሽም፤ እኔም መስማት የፈለግኩት ያንኑ ነበር። አውጥቼ እንጨት ቤት መሬት ላይ ጣልኩት። የአገሩን ምስጥ እያወቅኩ! እዚህ እኮ ሳጥን እንኳ ከሥሩ ድንጋይ ሳይደረግለት አይቀመጥም።

ሐምሌ ላይ ዐፊፋ ተመለሰች። በጣም ከስታለች አሉ። ገበያም አልወጣች። የተነቃባት ነገር ቢኖር ነው የምትደበቀው ብዬ ልጠይቃት እንኳ አልሄድኩም።

ዛሬ ጠዋት ልጇ ዓፊያ ዓይኗ አብጦ መጣች። እናቴ አማናውን አምጪ ብላኝ ነበር አለችኝ። እንጨት ቤት ገብቼ ሳነሳው ጆንያው እጄ ላይ አፈር ሆኖ ፈረሰ። ውስጡ ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅና አንዲት ትንሽ የሽቶ ጠርሙስ ነበሩ። ጨርቁን ምስጡ ወንፊት አድርጎታል። ዓፊያ አየችው፤ አየችኝ። ለምን እኔ ጋ አስቀመጠችው አልኳት። ከፈኗን ቤት ውስጥ አይተን እንዳንደነግጥ ነው፣ አንቺ ደግሞ እንደማትከፍቺው ታውቅ ነበር አለችኝ።

አፈርኩ እትዬ። ለአንሶላ ብለሽ የላክሽልኝን አቡጀዲ ገና ሳልነካው ነበር፤ ከሳጥን አውጥቼ ሰጠኋት። ስትመጪ አንሶላው የታል ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።

እግዚአብሔር ጤናውን ይስጥሽ፣ ደጃፍሽን ይጠብቅልሽ። ብዙ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን ጎረቤቶቹ በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሻለሁ።

ታናሽ እህትሽ