የሺወርቅ ያልገባችበት ሙቅ ውሃ

ውድ የሺወርቅ፣

ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። አንድ ቤት እየኖርን ምን ያስፈልጋል፤ የእጅ ጽሑፌንም ታውቂዋለሽ። ይሄን ግን ለሰው ነግሬ የማስጽፈው ነገር ስላልሆነ ራሴ እጽፈዋለሁ። የተሳሳተ ፊደል ካለ እንደለመድሽው አቃኚው።

ካረፍሽ አምስት ወር ሆነ። እኔ አሁንም ሱሉልታ፣ የኤዶም እንግዳ ማረፊያ ውስጥ የዚያ ሙቅ ገንዳ ጠባቂ ነኝ። ጠዋት ክዳኑን አነሳለሁ፣ የባሕር ዛፉን ቅጠል በመረብ እለቅማለሁ፣ የውሃውን ንጽሕና መለኪያ ወረቀቷን ነክሬ ቀለሟን ብልቃጡ ላይ ካለው ጋር አስተያያለሁ። ለዚህ ማንበብ አያስፈልግም። ክሎሪን ከጨመርኩ ጠረኑ ሳይወጣ አልከድነውም፤ ከታፈነ ክዳኑን ከውስጥ ይበላዋል። ዘበኛው ቢቂላ ዛሬም አልተወኝም። «ኦቦ ጌታቸው፣ ድስቱን ክፈተው እንጂ፣ ወጡ አረረ!» ይለኛል። አንቺ ስትስቂለት ነበር እኔ የምናደደው።

ክዳኑ ስፌቱ ለቆ ውሃ ሲጠጣና ብቻዬን ማንሳት ሲያቅተኝ፣ መጥተሽ የሰፋሽልኝ አንቺ ነሽ። ስትጨርሺ እጅሽን ውሃው ውስጥ ከተትሽ።

«ጌታቸው፣ ይሄ እኮ ፍልውሃ ነው።»

«በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ገንዳ ነው።»

«ጉልበቴ በምን እንደሞቀ ምን ያውቃል?»

ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት የቆመ ጉልበት ነው። ሌሊት ሌሊት ስታሺው እሰማ ነበር። አምና ከገና በኋላ፣ በየሦስት ወሩ የሚለወጠውን ውሃ ልለውጥ ስል፣ «ከመድፋትህ በፊት ግማሽ ሰዓት ብቻ ልቀመጥበት» አልሽኝ።

«የሰው እጣቢ ውስጥ ሚስቴን አልዘፈዝፍም» አልኩሽ።

«አዲሱ ሲሞላስ?»

«አዲሱ የእንግዳ ነው። የሰው ንብረት አንነካም።»

ነጠላሽን አጣፍተሽ ወደ ቤት ሄድሽ። እኔም የተስማማሽ መሰለኝ።

የሺ፣ እጣቢ ያልኩት ውሃ ንጹሕ ነበር። በዚያው ጠዋት በገዛ እጄ ለክቼዋለሁ። ነገሩ ሌላ ነው፤ የማረፊያው ባለቤት ኤዶም ፊት ቆሜ «ለሚስቴ ፍቀጂልኝ» ማለት ከበደኝ። በዚህ ዕድሜዬ ልጄ የምትሆን ሴት መለመን ሞት መሰለኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ውሃ ስለውጥ ኤዶም አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ጋሽ ጌታቸው፣ እትዬ የሺ ግን ለምን ሳይገቡ ቀሩ?»

«የት?»

«እዚህ ነዋ! አምና ከገና በፊት ጠይቀውኝ፣ ማክሰኞ እንግዳ የለም፣ ደስ ባለዎት ቀን ይግቡ ብያቸው ነበር። ‹ጌታቸው ራሱ ግቢ ሲለኝ ነው የምገባው› አሉኝ። አልነገሩዎትም?»

የውሃው ጎማ እጄ ላይ እየፈሰሰ ጫማዬን ሞላው።

ያን ቀን ስትጠይቂኝ ፈቃዱ በእጅሽ ነበር ማለት ነው። «ኤዶም ፈቅዳልኛለች» ብትዪኝ አፌን ትዘጊው ነበር። ሰው በላዬ ላይ ወሰነ ብዬ እንዳላፍር ብለሽ፣ ከእኔው አፍ ጠበቅሽ። እኔ ደግሞ እጣቢ አልኩሽ።

ኤዶም «እርስዎ ይግቡ፣ ወገብዎን ይሻልዎታል» አለችኝ። አልገባሁም፣ አልገባምም።

ግትር ነህ ትዪኝ ነበር። ነኝ። አሁንም ያ ውሃ ላንቺ የሚመጥን አልነበረም እላለሁ። ግን እሱን አንቺው፣ እስከ አንገትሽ ገብተሽ ተቀምጠሽ ብትነግሪኝ ይሻል ነበር።

ባልሽ ጌታቸው