ያልተናገረው ይቅርታ

ሰኞ፣ ኅዳር 3
ከችሎት መልስ። መዝገቡን ገና ዛሬ ሰጡኝ። ንዴቴን የምወጣው አንተ ላይ ነው፣ ደብተሬ፤ ቻለው።
ደንበኛዬ አደም ይባላል፤ ሱዳናዊ። ጦርነት ሸሽቶ በመተማ ገባ፤ ቡሬ ኬላ ላይ ከአውቶብስ አወረዱት። ክሱ ያለ ፈቃድ አገር መግባት። በነጻ ልቆምለት የተጠራሁት ቃሉን ከሰጠ በኋላ ነው። ችሎት ፊት በአስተርጓሚ የሰጠው ቃል፦ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ።» አምኗል ተብሎ ተመዝግቧል። የቀረው ቅጣት ነው፣ የፊታችን ሰኞ፤ ከዚያ ወደ ሸሸው ጦርነት መመለስ።
በእስር ቤቱ ሽቦ በኩል ተያየን። እሱ አማርኛ የለውም፣ እኔ ዐረብኛ የለኝም። ደረቱን መታ፣ ራሱን ነቀነቀ። ያመነ ሰው አይመስልም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4፣ ከሰዓት
ቡሬ። አስተርጓሚዋ ወ/ሮ ጥሩዓለም ገበያ ውስጥ ልባሽ ጨርቅ ትሸጣለች። ዐረብኛውን የለመደችው ጅዳ፣ ሰው ቤት ስትሠራ ነው። አደም ያለውን ቃል በቃል ንገሪኝ አልኳት። ነፍሴን ላድን መጣሁ፣ ምን አጠፋሁ፣ ነው ያለው፣ አለችኝ። ይቅርታውስ? የእሷ ነው።
«ዳኛ ፊት ምን አጠፋሁ ይባላል እንዴ፣ ጋሼ? እኔ አፈርሁለት። ይቅርታ ጨመርሁለት።»
ደግ የሠራች መስሏት ነው። ሽማግሌ ፊት ቢሆን ልክ ነበረች፤ ቀድሞ የተማጠነ ይማራል። ችሎት ግን ሽምግልና አይደለም። ይህንኑ ቀርበሽ መስክሪ ስላት ፊቷ ተለወጠ። ጅዳ ላይ ምን እንደሚል የማታውቀው ወረቀት አስፈርመው አስረዋት ነበር። ዳግም አልታሰርም አለች። ጨርቁን የዘረጋችበትን ሸራ ጠቀለለች። ያባረረችኝ በአንቱታ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6
ፍኖተ ሰላም። የእምነት ቃሉ ይሰረዝ የሚል ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። ያለ ጥሩዓለም ቃል ባዶ ወረቀት ነው። ምሳ ላይ ባልደረባዬ ፈንታሁን ቀለደብኝ፤ የደምበጫ ገበሬ ያለ ጠበቃ እየቆመ አንተ የሱዳን ጠበቃ ሆንህ፣ አበልህ በፓውንድ ነው? ሰው ሳቀ። ለገበሬው አንተ ቁምለታ አልኩት።  ያናደደኝ የገበሬው ነገር እውነት መሆኑ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 9፣ ከቅዳሴ በኋላ
ጥሩዓለም ደወለች። የነፍስ አባቷን ጠይቃለች። ቄሱ፣ ርኅራኄሽ መልካም፣ ግን በትክክል አስተረጉማለሁ ብለሽ ምለሻል፣ ብለዋታል። አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ እታሰራለሁ?
አትታሰሪም ማለት ቀላል ነበር። አደምን የሚያድነው የእሷ ቃል ብቻ ነው። ሊከሱሽ ይችላሉ፣ አልኳት። ለራስሽ ሌላ ጠበቃ ያዢ፤ እኔ ለሁለታችሁም መቆም አልችልም።
  ችሎቱ በስንት ሰዓት ነው አለች። ነገ በሦስት ሰዓት።
«እንግዲያ ጋሼ፣ እኔ ምስክር ከሆንሁ ለሰውዬው ማን ሊያስተረጉምለት ነው?»
አላሰብኩበትም። ሃያ ዓመት በጥብቅና ኖሬ አላሰብኩበትም።
ነገ ገና ችሎቱ ሳይጀምር፣ አስተርጓሚ ሳይኖር አንዲት ቃል እንዳትመዘገብ እጠይቃለሁ። ግን እምቢ ቢሉስ? ደምበጫ ከቤሩት የተመለሰች፣ ዐረብኛ የምትችል ሴት አለች ብለውኛል። አሁኑኑ እሄዳለሁ፣ መኪና ሳይጠፋ።