ለባላምባራስ ያለቀሰችው

ጥቅምት ፪ ቀን ፲፱፻፳፪

ቅዳሜ። ገበያ። ጠጁ ሳይበስል አለቀ… ያልበሰለ ጠጅ ጠጥቶ የሚመርቅ ሰው ያለው አዳማ ብቻ ነው። ባላምባራስ ወልደአማኑኤል እንደ ልማዳቸው አንዲት ብርሌ ይዘው ዋሉ። አረጋሽ ማሰሮዋን ይዛ ቆመችባቸው። «ጌታዬ፣ ይቺን ብርሌ አሳድገው ሊድሯት ነው?» ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ሳቅም ወጪ ነው።

ይቺ ልጅ ከወለንጪቲ ስትመጣ አንገቷን የደፋች ነበረች። እኔ ያስተማርኳት ጠጅ መቅዳት ነው። ምላሱን ከየት አመጣችው? ከኔ እንዳይሉ…

ግን ሰሞኑን ለምን ገረጣች?

ጥቅምት ፮

«እናቴን ልይ» ብላ ሄደች።

ጥቅምት ፰

እናቷ ዘንድ አልሄደችም። ሌሊት ተመልሳ ኖሯል፣ ዛሬ ጓዳ ውስጥ፣ ከጋኖቹ ጀርባ ተኮራምታ አገኘኋት። የተኛችበት ሰሌን በደም ርሷል።

«እትዬ ሸዋወርቅ፣ ሥር ጠጥቼ አስወረድኩት።»

የማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አውቀዋለሁ። ያ የባቡር ሠራተኛ። ድሬዳዋ ደርሼ መጣሁ ያላት። ባቡሩ ሁልጊዜ ይመለሳል፣ እሱ ቀረ።

በድሪያን ጠራሁ፣ ጎረቤቴን፣ የሰፈሩን አዋላጅ። ስትገባ «አካም ቡልቴ» ብላ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችም። ውሃ አፍዪ፣ ነጠላ ቅደጂ፣ ጨርቁን ቀቅዪ… ሰው ሳዝ የኖርኩት ሴትዮ እንደ ገረድ ስላላክ ዋልኩ። በኋላ ደጅ ጠርታ «ትኩሳቱ ካልበረደ እንጃ» አለችኝ።

እንጃ… ከበድሪያ አፍ ይህ ቃል ወጥቶ ያውቃል?

ጥቅምት ፲

ለጠጪዎቹ ወባ ይዟታል አልኩ። ስህተት። አዳማ ውስጥ ወባ ካልሽ ሐኪም ያልሆነ ሰው አይገኝም። አንዱ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዱ ኪኒን፣ ደብተራው ክታብ። ባላምባራስ እንኳ ምክር ለገሱ። ምክር ነዋ፣ ከኪስ አይወጣም።

ጓዳው በር ላይ እንደ መልአክ ቆሜ ዋልኩ። ሰይፌ ምላሴ ነው። ማንም አላለፈም።

ጥቅምት ፲፬

ትኩሳቱ በረደ። ደሙም ቆመ። ተመስገን። የዶሮ መረቅ ሠራሁ፣ አልቀመሰችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

ላስቃት ብዬ የባላምባራስን ብርሌ ቀልድ አነሳሁ። ትከሻዋ እንኳ አልተነቃነቀም። በድሪያ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ።

«ሸዋዬ፣ ለቅሶ ቤት ገብተሽ ትቀልጃለሽ?»

«ማን ሞተና?»

«እሷን ጠይቂያት። ኧረ አትጠይቂያት። አጠገቧ ተቀመጪ። ምላስሽን ጋን ውስጥ ክተቺና ክደኚው።»

ተቀመጥኩ። ጀርባዋን በቅቤ አሸሁላት። ዝም… ዝም ማለት እንዲህ ያደክማል እንዴ?

ጥቅምት ፲፰

ዛሬ ተናገረች። «እትዬ፣ ማርያም ትምረኛለች?»

እጇን ያዝኩ።

«እንባ እምቢ አለኝ። ባለቅስ ይወጣልኝ ነበር። ግን ምን ብዬ? ስም የለው፣ መቃብር የለው። ሰው ቢሰማኝስ?»

እውነቷን ነው። ልጅ የሞተባት እናት ስታለቅስ መንደሩ አብሯት ያለቅሳል። ይቺ የት ሄዳ ታልቅስ?

እህል አሁንም አልቀመሰችም። በድሪያ አይታት ራሷን ነቀነቀች። «ደሙን አቆምኩት። ይኼኛውን አልችልም። እንዲህ ከቀጠለች ታመልጠናለች።»

ጥቅምት ፳

ባላምባራስ ሞቱ። ወባ፣ እውነተኛው። ነፍስ ይማር። ነፍሳቸውን ለመስጠትም ብዙ ተከራከሩ አሉ።

ተኝቼ አሰብኩ…

ጥቅምት ፳፩

አረጋሽን እኔና በድሪያ ደግፈን ለቅሶ ቤት ወሰድናት። መንገድ ላይ በጆሮዋ «እዚያ ለማን ነው የምታለቅሺው ብሎ የሚጠይቅ የለም» አልኳት።

ዳሱ ሙሉ ሰው ነው፣ እንባ ግን የለም። ሚስታቸው እሜት ዘርፉ እንኳ ዓይናቸው ደርቆ ተቀምጠዋል። አልቃሿ «እጀ ሰፊው» ብላ ስታወርድ ለቀስተኛው ነጠላውን አፉ ላይ ያዘ።

አረጋሽ ገባች። ቆመች። ከዚያ… ያ ድምፅ። ቃል የለውም። ደረቷን መታች፣ ወደቀች፣ አነሳናት። አልቃሿ ግጥሟን ተወች። በድሪያ አብራት አለቀሰች። እኔም… የማንን እንደሆነ እንጃ። እሜት ዘርፉ ቀና ብለው አዩዋት። አዩዋትና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ቤት ስንገባ አጥሚት ጠየቀች። ጨረሰችው።

ጥቅምት ፳፭

ይኸው የኔ ብልሃት። «የጠጅ ቤቷ ልጅ የባላምባራስ ውሽማ ነበረች» ይላል አንዱ። «የለም፣ ዲቃላቸው ናት» ይላል ሌላው። ዘመዶቻቸው ርስት ልትካፈል ነው ብለው መክረዋል አሉ። ለሰውዬው በነፃ ያለቀሰ ተገኘ ብሎ ማን ይመን? አሁን ልጅቷን መመርመር ቢጀምሩስ… ሁሉም ይወጣል።

ጥቅምት ፳፯

እሜት ዘርፉ ራሳቸው መጡ። ጥቁር ለብሰው።

«ልጅቷን ጥሪያት።»

ውሸቴን መደርደር ጀመርኩ። አክስቷ ሞታባት፣ ወባው ራሷ ላይ ወጥቶባት… አረጋሽ ከጓዳ ወጣች።

«እሜቴ፣ ባልዎን የማውቃቸው በብርሌ ነው። ያለቀስኩት ለራሴ ነው።»

«ማን ሞቶብሽ?»

«ሳይወለድ የቀረ። እኔው ነኝ ያስቀረሁት።»

አለቀልን አልኩ። አሁን ይጮኻሉ፣ ቄስ ያስጠራሉ… ሴትዮዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

«ዓይኔ ደርቆ ሰው ሲታዘበኝ ነበር» አሉ። «አንቺ ስታለቅሺ ነው እንባዬ የመጣልኝ። ለሳቸው እንዳይመስልሽ።»

«ታዲያ ለማን ነው?» አልኩ። ምላሴ ከጋኑ አመለጠኝ።

«አንቺ ዝም በይ። ዘመዶቹ ከጠየቁ፣ ለቅሶ እንድታደምቅ እኔ ነኝ ያስጠራኋት እላለሁ። ልጄ፣ ለአርባው ነይ። ከጎኔ ትቀመጫለሽ።» በር ላይ ዞር አሉ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

ይህ የአራስ ሰላምታ ነው። ላስወረደች ሴት ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አረጋሽም ሰምታ አታውቅም መሰለኝ፣ መቃኑን ይዛ ቁጭ አለች።

ኅዳር ፳፱

አርባው። ጾም ስለሆነ ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን። አረጋሽ ከእሜት ዘርፉ ጎን ተቀምጣ በላች፣ ጨመረች። ዘመዶቹ በዓይናቸው ጎረሷት። አላለቀሰችም።

ስንመለስ ሐዲዱ ዳር ቆመች።

«እትዬ።»

«ወይ።»

«ባላምባራስ አስበውበት ነው የሞቱት። ተዝካራቸው ጾም ላይ እንዲውል። በጎቹን አተረፉ።»

ሳቅኩ… ሆዴን ይዤ መንገድ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀና ስል እሷ አትስቅም። ወደ ድሬዳዋ የሚሄደውን ሐዲድ ታያለች፣ እጇ ሆዷ ላይ ነው።

አንድ ጥሩ ነገር መጣልኝ፣ የሚያስቅ። ተውኩት። ተነስቼ አጠገቧ ቆምኩ።